የተሰነጠቀ አፎት
(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለአንባቢዎች የቀረበ)



ስለ ጎራዴ የሚናገር ሰው ዘወትር የሚያነሣው ስለቱን ነው። ስለቱ የሚያብረቀርቅና የሚያስፈራ በመሆኑ የተመልካችን ዓይን ይስባል፤ አፎቱ ግን በወገብ ላይ ዝም ብሎ የሚንጠለጠል ማኅደር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ጎራዴን ዕለት ዕለት የሚመዝና መልሶ የሚከት ሰው የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ከስለቱ ይልቅ የሚጨነቅለት የአፎቱ ደኅንነት መሆኑን ሳያመነታ ይናገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጎራዴው በሚመዘዝበት ጊዜ በስለቱና በግራ እጁ ጣቶች መካከል ያለው ነገር ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ የእንጨት ግድግዳ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን ለመናገር ምክንያት የሆነን ከአንድ አድማጫችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኒህ አድማጫችን ለትምህርት በጃፓን አገር በቈዩበት ጊዜ ኢያይዶ የተባለውን የጎራዴ ጥበብ መማር እንደ ጀመሩ፣ ሲመለሱም የሚለማመዱበትን ጎራዴ ይዘው እንደ መጡ ከገለጹ በኋላ፣ ጥቂት ወራት እንዳለፈ የአፎቱ አፍ በስለቱ ወገን እንደ ተሰነጠቀባቸው ጽፈውልናል። ቀጥለውም፤ «ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለ ሆነ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ ልምምዴን ብቀጥል ምን ጉዳት ያመጣል? ወይስ ከጃፓን አዲስ አፎት ማስመጣት ይኖርብኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል ፈጽሞ አይገባም፤ አዲስ አፎት ማስመጣትም ምናልባት አያስፈልግ ይሆናል። ይህን የሚወስነው የስንጥቁ ትልቅነት ወይም ትንሽነት ሳይሆን የወጣበት ስፍራ ነው። ነገሩን ለመረዳት አፎቱ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ኢያይዶ የሚባለው፣ ጎራዴን ከአፎቱ መዝዞ በዚያው በአንድ እንቅስቃሴ መሰንዘርን፣ ከዚያም በእርጋታና በሥርዐት ወደ አፎቱ መመለስን የሚያስተምር ጥበብ ነው። በጠቅላላው ሁለት ሰዎች የሚፋለሙበት ሳይሆን፣ ተለማማጁ ባላጋራው በፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ በአሳቡ እየሣለ ብቻውን የሚፈጽመው ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሃያሺዛኪ ጂንሱኬ ሺገኖቡ የዚህ ጥበብ አባት ተብሎ ይከበራል። በ1876 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የጃፓን መንግሥት ሕዝቡ ጎራዴ ታጥቆ በአደባባይ እንዳይሄድ በዐዋጅ ቢከለክልም፣ ጥበቡ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ቈይቷል። በ1952 የተቋቋመው የመላው ጃፓን የኬንዶ ፌዴሬሽንም በ1969 ሰባት የልምምድ ሥርዐቶችን ለሁሉም አንድ አድርጎ ያወጣ ሲሆን፣ እነዚሁ ቀስ በቀስ ተጨምሮባቸው ዛሬ ዐሥራ ሁለት ደርሰዋል።

ጀማሪ ተለማማጅ ስለት ያለውን የብረት ጎራዴ አይዝም። በጃፓን አገር በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ፣ እውነተኛ ጎራዴ ሁሉ የምዝገባ ወረቀት እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ ለልምምድ የሚሠራው ጎራዴ፣ ስሙ ኢያይቶ የሚባለው፣ ከብረት ሳይሆን ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅልቅል ቀልጦ የሚፈስስ ነው። መልኩና ክብደቱ እውነተኛውን እንዲመስል ተደርጎ ቢሠራም ስለት የለውም፤ ቢሳልም ስለት አይዝም። በጊፉ አውራጃ የምትገኘው የሴኪ ከተማ፣ በስለት ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀችው፣ ይህን ዓይነቱንም ጎራዴ ትሠራለች። ሆኖም ስለት የለውም ማለት አይጐዳም ማለት አይደለም፤ ጫፉ ሹል ነውና በተሳሳተ አኳኋን ወደ አፎቱ ሲመለስ እጅን ይወጋል። ደግሞም በልምምድ ጎራዴ የተለመደ ቸልተኝነት፣ ሰውዬው ዓመታት ቈይቶ እውነተኛውን በሚይዝበት ቀን አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ አፎቱ እንግባ። በእኛ አገር አባቶቻችን የታጠቁት ጎራዴ አፎቱ በቆዳ የሚለበጥ ስለ ሆነ፣ ቆዳው ሲያረጅ ስፌቱ ይተረተራል እንጂ አይሰነጠቅም። የጃፓኑ አፎት ግን ከላይ እስከ ታች እንጨት ነው። የተመረጠውም እንጨት ሆኖኪ የሚባለው፣ ከማግኖሊያ ዛፎች ወገን የሆነ ነው። ይህ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ጅማቱም ወጥ ነው፤ ብረት የሚያዝግ ሙጫም ብዙ የለበትም። ለስላሳነቱ የተፈለገው ስለቱ ቢነካው እንጨቱ እንዲሸነፍ እንጂ ስለቱ እንዳይደንዝ ነው። ከተቈረጠ በኋላም እርጥበቱ እስኪወጣለት ለብዙ ዓመታት በጥላ ይቀመጣል፤ ያልደረቀ እንጨት የሠራ ሰው ገና ከመጀመሪያው የተሰነጠቀ አፎት ሠርቷልና።

የአፎቱ አፍ በጃፓንኛ «ኮይጉቺ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የካርፕ ዓሣ አፍ» ማለት ነው። በእርግጥም ሞላላ ቅርጹን ከፊት ለፊት ላየው ሰው፣ ውሃ ላይ ብቅ ብሎ አፉን የከፈተ ዓሣ ይመስላል። ከአፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ በጎኑ ላይ «ኩሪጋታ» የሚባል ጉብታ አለ፤ አፎቱን ከመታጠቂያው ጋር የሚያያይዘው «ሳጌዎ» የተባለው ገመድ የሚያልፈው በዚሁ ቀዳዳ ነው። የግርጌው ጫፍ «ኮጂሪ» ይባላል። በጎራዴው ላይ ደግሞ፣ ስለቱ ከእጀታው በሚነሣበት ስፍራ «ሃባኪ» የተባለ የማዕድን ቀለበት ይገኛል። ይህ ቀለበት በአፎቱ አፍ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይገባና ጎራዴውን ይይዘዋል። ከሃባኪው በቀር ሌላው የጎራዴው አካል በአፎቱ ውስጥ እንጨቱን ሳይጫን እንደ ተንሳፈፈ መሆን አለበት፤ የባለሙያው ችሎታም የሚለካው በዚህ ነው። አፎት ብቻ የሚሠራው ባለሙያ «ሳያሺ» ይባላል፤ ጎራዴ ቀጥቃጩም፣ ስለት አውጪውም፣ ቀለም ቀቢውም ከእርሱ የተለዩ ሰዎች ናቸው።

ሳያሺው ሲሠራ አንድ የደረቀ እንጨት ወስዶ በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ የጎራዴውን ቅርጽ ጉብጠቱን ሳይለቅ ይነድፍና በመሮ ይፈለፍላል። ከዚያም ሁለቱን ግማሾች መልሶ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አፎት፣ ቀለሙ ሸፍኖት ባይታይም፣ ሁለት ረጃጅም መጋጠሚያዎች አሉት፤ አንዱ በስለቱ ወገን፣ ሁለተኛው በጀርባው ወገን። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፍግም፤ የወረቀቱ አሸዋ በእንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ ጎራዴው በገባና በወጣ ቍጥር ይፍቀዋልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ ግማሾች የሚጣበቁበት ነገር ነው። ይህን የሚያህል የተጠበበ ሕዝብ ከዓሣና ከቆዳ የሚወጣ ኃይለኛ ሙጫ ሳያጣ፣ የአፎትን ግማሾች የሚያጣብቀው በበሰለ ሩዝ ነው። የበሰለው ሩዝ በሰሌዳ ላይ በእንጨት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ጠፍቶ እንደ ቅባት እስኪልም ይታሻል፤ ስሙም «ሶኩኢ» ይባላል። በሩዝ የተጣበቀ እንጨት በሚገባ ይይዛል፤ ነገር ግን ከእንጨቱ ጅማት ይልቅ ደካማ ነው። ይህም ድካሙ ታስቦበት የተደረገ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፎት ውስጡ ይቈሽሻል፤ እርጥበት ይገባበታል፤ ከጎራዴው ላይ የሚንጠፈጠፍ ዘይትና የዝገት ትቢያ ይከማችበታል። በዚያ ጊዜ ባለሙያው አፎቱን በመጋጠሚያው ላይ ከፍቶ፣ ውስጡን ጠርጎ፣ መልሶ በሩዝ ያጣብቀዋል። ሙጫው ከእንጨቱ የበረታ ቢሆን ኖሮ አፎቱ በሚከፈትበት ጊዜ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ይሆን ነበር። እንደዚሁም አፎቱ ሲደርቅ ወይም ሲመታ አስቀድሞ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው፤ እንጨቱም ይተርፋል። በመጋጠሚያው ላይ የተከፈተ አፎት እንግዲህ ተበላሸ አይባልም፤ ሠሪው እንዲከፈት ባዘጋጀው በር ተከፈተ እንጂ። የአድማጫችን ጥያቄ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት የልምምድ ጎራዴ አፎቶች በመኪና የተፈለፈሉና ብዙዎቹም በዘመናዊ ኮላ የተጣበቁ ቢሆኑም፣ ሁለት ግማሽ መሆናቸው አልቀረም።

ጃፓኖች አፎትን ምን ያህል እንደሚያስቡለት ከአነጋገራቸው ይታወቃል። ባልና ሚስት ተለያይተው ቈይተው የታረቁ እንደ ሆነ «ወደ ቀድሞው አፎታቸው ገቡ» ይባላል። ጠባያቸው ያልተስማማ ሰዎችን «ጉብጠታቸው አልገጠመም» ይሏቸዋል፤ ይህም ጉብጠቱ ከአፎቱ ያልተስማማ ጎራዴ ሊገባ አለመቻሉን በመመልከት ነው። ሰው በገዛ ሥራው ያመጣውን መከራ ደግሞ «ከራሱ ከጎራዴው የወጣ ዝገት» ይሉታል። በጥንት ዘመን ሁለት ሳሙራዮች በመንገድ ሲተላለፉ አፎቶቻቸው ቢጋጩ ጠብ ይነሣ ስለ ነበር፣ በከንቱ ነገር መፎካከር እስከ ዛሬ «አፎት ማጋጨት» ይባላል። ስለ ታላቁ ጎራዴ ታጣቂ ስለ ሚያሞቶ ሙሳሺ የሚነገረውም አይረሳም። በ1612 በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሲፋለሙ፣ ባላጋራው ሳሳኪ ኮጂሮ ጎራዴውን መዝዞ አፎቱን ወረወረው፤ ሙሳሺም ሊያሸንፍ ያሰበ ሰው አፎቱን አይጥልም ነበር ብሎ ዘበተበት ይባላል። ታሪኩ ከአፈ ታሪክ ጋር የተቀላቀለ ቢሆንም ትዝብቱ የባለሙያ ነው።

እንግዲህ አፎት ስለ ምን ይሰነጠቃል? የመጀመሪያው ምክንያት አየር ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። የሚኰማተረውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለ ሆነ፣ ስንጥቁ ጅማቱን ተከትሎ ከአፉ ወደ ታች ይወርዳል። የአፎቱ ውጫዊ ገጽ በቀለም የተሸፈነ፣ ውስጡ ግን ራቁቱን የሆነ እንጨት ነው፤ ስለዚህ ውስጡ ከውጩ አስቀድሞ ይደርቅና ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ። የጃፓን በጋ ሞቃትና እጅግ እርጥበት የሞላበት ነው። በዚያ አየር የተሠራ አፎት በክረምት ወራት ምድጃ ወደሚነድድበት የአውሮፓ ቤት፣ ወይም ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ደረቅ ወደሚሆንበት የኢትዮጵያ ደጋ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ ሊሰነጠቅበት ይችላል። አድማጫችን ራሳቸውን መውቀስ አይገባቸውም ይሆናል።

«ይሆናል» ያልነው ሁለተኛ ምክንያት ስላለ ነው፤ እርሱም እጅ ነው። በትክክለኛው አመዛዘዝ ጎራዴው በአፎቱ ውስጥ የሚንሸራተተው በጀርባው ላይ ነው፤ ስለቱ እንጨቱን አይነካም። ጀማሪ ግን ቀኝ እጁን ወደ ፊት በብርቱ ሲስብ ግራ እጁ አፎቱን ወደ ኋላ መሳብን ይረሳል። ጎራዴው ተጣምሞ ይወጣና የአፉን ግድግዳ ከውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገፋዋል። ሲመልስም ጫፉን ከአፉ ጋር ሳያስተካክል በኃይል ይከታል። ይህ በየቀኑ ሃምሳና መቶ ጊዜ ሲደጋገም ማናቸውም እንጨት አይችለውም። በተንበረከከ ጊዜ የአፎቱን ግርጌ ከወለል ጋር ማጋጨት፣ በግራ እጅ አፉን ከመጠን በላይ መጭመቅም እንዲሁ ይጐዳሉ።

አደጋው የት ላይ እንዳለ አሁን በግልጽ ይታያል። የግራ እጅ አፉን እንደ ከበበ ነው ጎራዴው የሚመዘዘው። በስለቱ ወገን ያለው መጋጠሚያ ከላላ፣ የተጣመመ ጎራዴ ሁለቱን ግማሾች ፈልቅቆ ወደ እጅ ይወጣል። እውነተኛ ጎራዴ ከሆነ ጣትን ወይም መዳፍን ይቈርጣል። ፕላስተርን የነቀፍነውም ስለዚህ ነው፤ ፕላስተር ስንጥቁን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይዘጋውም፤ ከሥሩ እየረዘመ ሲሄድም አያሳይም። ከቈዳ የቀጠነ ነገር ስለት ያቆማል ብሎ ማመን ደግሞ የዋህነት ነው።

ስንጥቁን የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ጎራዴውን አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሥራው ስፍራ ያርቅ። ከዚያም አፎቱን በጥሩ ብርሃን ይዞ ከአፉ ጀምሮ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ይከተል። አፉን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ቀስ ብሎ ሲጫነው ስንጥቁ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ ስንጥቁ ከቀለሙ አልፎ እንጨቱ ዘንድ ደርሷል። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምናልባት የተሰነጠቀው ቀለሙ ብቻ ነው። ስንጥቁ የሚያልቅበትንም ስፍራ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት፤ ከሳምንት በኋላ ምልክቱን አልፎ እንደ ሆነ ያውቃልና።

ስንጥቁ ቀጥ ብሎ በመጋጠሚያው ላይ የሚወርድ ከሆነ የምሥራች ነው፤ ይጠገናል። ከመጋጠሚያው ወጥቶ በጎኑ ላይ እንጨቱን ራሱን የሰነጠቀ ከሆነ፣ ለስለት አልባው ጎራዴ በጥንቃቄ ሊጠገን ይችላል፤ ስለት ላለው ግን አፎቱን መለወጥ ይሻላል። ከአፉ ላይ ቍራጭ እንጨት የወደቀ፣ ወይም ስለቱ ውስጡን እየላገ ግድግዳውን አሳስቶት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የጥገና ወሬ አያስፈልግም።

በመጋጠሚያው ላይ የተከፈተው የሚጠገነው እንዲህ ነው። ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ትቢያና የቀድሞውን ኮላ ስብርባሪ በቀጭን ወረቀት ጠርዝ ወይም በመርፌ ማውጣት፤ በላዩ ላይ ዘይት ካለ ኮላ አይዝምና በደንብ መጥረግ ያስፈልጋል። ወደ አፉ ውስጥ በሰም የተቀባ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገባል፤ ይህም ወደ ውስጥ የሚያልፈው ኮላ ግድግዳዎቹን እንዳያጣብቅ ነው። ከዚያ አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጩን የእንጨት ኮላ በጥቂት ውሃ አቅጥኖ በስንጥቁ ላይ ማፍሰስና፣ አፉን ቀስ እያሉ ከፈት ዘጋ በማድረግ ወደ ውስጥ እንዲጠጣ ማድረግ ነው። ሲጠግብ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ማሠሪያው ከኮላው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአናጢ ሞርሳ ማሠር ለብዙ ሰው የሚታየው የመጀመሪያ አሳብ ነው፤ ነገር ግን ሞርሳ ሞላላ የሆነውን አፎት በሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚጫን፣ አንዱን ስንጥቅ ሲዘጋ ሌላ ይከፍታል፤ ለስላሳውንም እንጨት ያጐደጕዳል። ከዚህ የሚሻለው የብስክሌት የውስጥ ጎማ በጣት ወርድ ልክ ቀድዶ፣ እየለጠጡ ከአፉ ጀምሮ ከስንጥቁ መጨረሻ በስንዝር ያህል አልፎ እስኪሄድ መጠምጠም ነው። ላስቲኩ በዙሪያው ሁሉ እኩል ይጫናል። ኮላው ሲወጣም ስለማይጣበቅበት በኋላ በቀላሉ ይፈታል። ከታሠረ በኋላ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቀመጥ፤ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ለማድረቅ መሞከር ግን ስንጥቁን ያመጣውን ነገር መልሶ መጥራት ነው።

በቅጽበት የሚይዘውን ኃይለኛ ማጣበቂያ የሚያመሰግኑ አሉ። በበኩላችን አንመክረውም፤ ሁለቱ ከንፈሮች ሳይስተካከሉ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ለልምምዱ ጎራዴ ቢፈቀድም፣ ለእውነተኛ ጎራዴ አፎት ግን አይሆንም፤ አፎቱ ሁለተኛ ሊከፈት አይችልምና። ለእውነተኛው እስከ ዛሬ ከሩዙ የሚሻል አልተገኘለትም።

ስንጥቁ ከአፉ እስከ አፎቱ ግማሽ የወረደ ከሆነ፣ አንዱን ጫፍ ብቻ ከማጣበቅ ይልቅ አፎቱን ጨርሶ መክፈት ይሻላል። ይህ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ቀስ በቀስ የተከፈተ መጋጠሚያ፣ ኮላው የበረታ ካልሆነ፣ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከኮላው ይልቅ እንጨቱ መቀደድ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። የተከፈተው አፎት ብዙ ነገር ይናገራል፤ ጎራዴው የሚያሻሽበት ስፍራ ጠቍሮ ወይም ተልጎ ይታያልና፣ ባለቤቱ የአመዛዘዙን ጕድለት ከመምህሩ ቃል ይልቅ በዚያ ያነብበዋል። በዚያ ስፍራ እንጨቱን በስለታም መሮ ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ውስጡን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያም በመጋጠሚያዎቹ ላይ ኮላ ቀብቶ ከላይ እስከ ታች ማሠር ነው።

አፉ በደንብ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ሃባኪው ይላላል ወይም ይጠብቃል። መልካም አፎት የሚታወቀው፣ ከነጎራዴው አፉ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ጎራዴው የማይወድቅ፣ በአውራ ጣት ሲገፋ ግን በቀላሉ የሚለቅ እንደ ሆነ ነው። ሙከራውን የሚያደርግ ሰው ዝቅ ብሎ በአልጋ ወይም በወፍራም ምንጣፍ ላይ ያድርገው። ላልቶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ከመላጊያ የሚወጣ እንደ ወረቀት የሳሳ የእንጨት ልጣጭ በአፉ ውስጥ በኮላ ይለጠፋል፤ አንድ ልጣጭ ለጥፎ መሞከር፣ ካልበቃ ሁለተኛ መጨመር ነው። ብዙዎች በዚህ ስፍራ ይሳሳታሉ፤ ጎራዴው እንዲጠብቅ ብለው ወፍራም ልጣጭ ይለጥፉና፣ ሃባኪው እንደ ሽብልቅ ሆኖ ትናንት የተጠገነውን መጋጠሚያ ዛሬ ይከፍተዋል።

አፉን ለማጠንከር የቈዩ ዘዴዎች አሉ። በአፉ ዳር የጎሽ ቀንድ ቀለበት መግጠም ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። የላይኛውን ክፍል ራታን በሚባል ተጣጣፊ ሐረግ ጥቅጥቅ አድርጎ መጠምጠምም እንዲሁ ጌጥም ኃይልም ሆኖ ኖሯል። በቤቱ የሚሠራ ሰው ቢያጣ በጠንካራ የጥጥ ፈትል አንዱን ዙር ከሌላው አጠጋግቶ ጠምጥሞ በኮላ ማጠጣት ይችላል፤ ይህ ከፕላስተር የሚለየው ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ በመሆኑ ነው።

ስለ ቀለሙ አንድ ቃል። የጥንቱ ቀለም ኡሩሺ ይባላል፤ ከዛፍ የሚወጣ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ጠባዩ የሚያስገርም ነው፤ ሌላ ቀለም በደረቅ አየር ሲደርቅ እርሱ የሚጠነክረው እርጥበት ባለው አየር ነው። ነገር ግን ገና ሳይጠነክር ገላን የነካ እንደ ሆነ ብርቱ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል፤ ያልተማረ ሰው በቤቱ ሊሞክረው አይገባም። የተጠገነውን ስፍራ አፉን በወረቀት ደፍኖ፣ ውጩን ብቻ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በጥቍር የእንጨት ቀለም መቀባት ይበቃል።

መለወጥ ግድ የሆነበት ሰውስ ምን ያድርግ? ብዙ ሰዎች ርዝመቱ ልክ የሆነ አፎት ካገኙ የሚበቃ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንደ ጫማ ቍጥር አይደለም። ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ጎራዴዎች ጉብጠታቸው በጥቂት ሚሊሜትር ቢለይ፣ የአንዱ አፎት ለሌላው አይሆንም፤ ቢገባም እያሻሸ ይገባል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጎራዴውን ለሠራው ቤት መጻፍና ዓይነቱንና መጠኑን ገልጾ መጠየቅ ነው። ሠሪው ጎራዴው ራሱ ይላክልኝ ቢል አይደነቅ፤ እርሱ እውነተኛ ባለሙያ ነው።

ጎራዴውን መላክ የማይቻል ከሆነ ልኩ በጥንቃቄ ይወሰድ። ርዝመቱ የሚለካው ከጫፉ አንሥቶ በጀርባው ወገን ሃባኪው ከሚቀመጥበት እርከን ድረስ በቀጥታ ነው። ጃፓኖች በሻኩ ይለኩታል፤ አንድ ሻኩ 30.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጉብጠቱን ለማወቅ በእነዚያው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ክር ወጥሮ፣ ክሩ ከጎራዴው ጀርባ ከሁሉ ይልቅ በራቀበት ስፍራ ያለውን ርቀት መለካት ነው። ወርዱና ውፍረቱም በሃባኪው አጠገብ፣ በመካከልና በጫፉ አቅራቢያ ይጻፍ፤ የሃባኪው ልክ ለብቻው ይወሰድ። ከዚህም ጋር ጎራዴውን በትልቅ ወረቀት ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በእርሳስ መንደፍ ከቍጥሮች ሁሉ የበለጠ ይረዳል። የአሮጌው አፎት ገመድ ግን አይጣል፤ በአዲሱም ላይ ያገለግላል።

የአድማጫችን አፎት በጻፉት መሠረት በመጋጠሚያው ላይ የተከፈተ ይመስላል። እንግዲያውስ ጠግነው ከጨረሱ በኋላ አፎቱን በሳሎን ግድግዳ ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ ከመስቀል ይልቅ፣ በጨርቅ ከረጢት አድርገው በቀዝቃዛ ክፍል ያስተኙት፤ በመኪናም ውስጥ አይተዉት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመዙት በዝግታ ብቻ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም መጋጠሚያውን በጥፍርዎ ይከተሉት። በዚያው ስፍራ ዳግመኛ የተከፈተ እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ደግመው ያጣብቁት፤ ሦስተኛ ጊዜ ከተከፈተ ግን ኮላውን ትተው ልኩን የሚወስዱበትን ክር ያዘጋጁ።